ፀጉሯን ልሳ ልሳ የጨረሰችው ድመት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ማራኪ ነው። ከጥምቀት በፊት ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አንዲት ድመት አንስቼ ወደ ቤት አመጣሁ። ውሾች አሳደዋት ቦይ ውስጥ ተወሽቃ ነበር። ቡላ ብለናታል። ስትመጣ ከሲታ ነበረች፣ ፀጉሯ ግን ሙሉ ነበር። አሁን ወፈር ብላለች፤ ግን ሆዷንና የኋላ እግሮቿን የውስጥ ጎን ቀን ከሌት እየላሰች መላጣ አድርጋዋለች። አንድ ቦታ ወስጃት መርፌ ተወጋች። ለሁለት ሳምንት ያህል ተወችው፣ ፀጉሯም ማቆጥቆጥ ጀምሮ ነበር። ከዚያ መልሶ ባሰባት። ቁንጫ አላየሁባትም። ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉ፤ ግቢ ውስጥ ውሻ አለን፤ የጎረቤት ወንድ ድመትም እየመጣ መስኮት ላይ ይጎለታል። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ጭንቀት ነው ይላል። እናቴ ደግሞ ‹ነጭ ጋዝ ቀቢያት፣ ካልሆነ ካመጣሽበት መልሻት› ትላለች። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ብዙ ነገር ስለያዘ መልሱም ረዘም ይላል፤ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ነጭ ጋዙን ከእጅሽ አስቀምጪ። እናትሽ ክፉ አስበው አይደለም። በድሮ ጊዜ ለቅማሉም፣ ለቁንጫውም፣ ለእከኩም የሚታወቀው እሱ ነበር። ድመት ላይ ግን አይሆንም። ድመት ሰውነቷን የነካውን ነገር ሁሉ የምታጸዳው በምላሷ ነው። የቀባሻት ነገር ዞሮ ዞሮ ሆዷ ይገባል። ነጭ ጋዝ ቆዳ ያቃጥላል፤ ስትልሰው ወይም ስታስመልሰው ወደ ሳንባዋ ከገባ ደግሞ ሊገድላት ይችላል። የቡላ ቆዳ በመላስ ብዛት ሳስቷል፤ ስለዚህ የበለጠ ያማታል። ሌሎች መርዞችም አሉ፣ ወደ ታች እመጣባቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኢንተርኔቱ «ጭንቀት ነው» ብሎሻል። ሊሆን ይችላል። ከውሻ አፍ ያመለጠች፣ የማታውቀው ቤት የገባች፣ በዚያ ላይ መስኮቷን ጎረምሳ ድመት የሚዘጋባት ፍጡር ብትጨነቅ አይገርምም። ድመት ሲጨንቃት ራሷን ትልሳለች፤ መላሱ ራሱ ያረጋጋታል። ከሶፋ ተንሸራታ የወደቀች ድመት ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ወዲያው ደረቷን መላስ ስትጀምር አይተሽ ይሆናል። ነገሩ እሱ ነው። ሲበዛና ሲደጋገም ደግሞ አመል ይሆናል።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መርፌ ተወጋች፣ ተሻላት፣ ፀጉሯ ማቆጥቆጥ ጀመረ፣ ተመልሶ ባሰባት ብለሻል። የተወጋችው ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም። ለእንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ የሚወጋው ዴክሳሜታዞን ወይም የእሱ ዘመድ የሆነ ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ ደግሞ የሚያስታግሰው ማሳከክን ነው። የጎረቤት ድመትን መፍራት አያስታግስም። መርፌው ያ ከነበረ፣ ቡላ የሚያሳክካት ነገር አለ ብዬ ነው የማስበው። ማረጋገጫ አይደለም፤ ሚዛኑ ግን ወደዚያ ያጋድላል።

ስለዚህ ወደ ወሰድሻት ቦታ ተመለሺና የመድኃኒቱን ስምና የተሰጠበትን ቀን ጽፈው እንዲሰጡሽ ጠይቂ። መብትሽ ነው። «እንግዲያው ይደገምላት» ቢሉሽ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ አይደገም። ስቴሮይድ ሲደጋገም ድመትን ለስኳር በሽታ ያጋልጣል። ችግሩ ጭርት ከሆነ ያባብሰዋል። ደግሞም ምልክቱን ስለሚደብቅ ቀጥሎ የሚመረምራትን ሐኪም ያሳስታል።

አንድ ጥናት ልጥቀስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ነው። «በጭንቀት ፀጉራቸውን የጨረሱ» ተብለው የተጠረጠሩ 21 ድመቶች ተወስደው አንድ በአንድ በደንብ ተመረመሩ። 16ቱ ላይ የሰውነት ሕመም ተገኘ፤ በብዛት የቆዳ አለርጂ ነው። 3ቱ ላይ ሕመምም ጭንቀትም ነበረ። ጭንቀት ብቻ የሆነባቸው 2 ናቸው። ከ21 ድመት 2! ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ከማየው ብዙም አይርቅም። ለዚህ ነው «ጭንቀት ነው» የሚለውን ቃል ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ የማወጣው። ቀድሞ ከወጣ ሁሉም ሰው መፈለጉን ያቆማል።

«ቁንጫ አላየሁባትም» ላልሽው፣ ቀን ከሌት ራሷን የምትልስ ድመት ላይ ቁንጫ አይታይም። ትበላዋለቻ! ማስረጃውን የምታጠፋው ራሷ ናት። ስለዚህ ቁንጫውን ሳይሆን ኩሱን ፈልጊ። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ የቅማል ማበጠሪያ ግዢ። ቡላ በልታ ጠግባ እንቅልፍ ሲጫጫናት ጭንሽ ላይ አድርጊያትና ከወገቧ እስከ ጭራዋ መነሻ፣ ቀጥሎም ከአንገቷ ሥር በቀስታ አበጥሪያት። ማበጠሪያው ላይ የተያዘውን ሁሉ ውኃ በነካው ነጭ ሶፍት ላይ አራግፊው። የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ጥቁር ብናኝ ካየሽ አትቸኩዪ፣ ጥቂት ጠብቂ። ተራ አፈር ከሆነ ባለበት ይቀራል። የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን በዙሪያው ቀይ ቡናማ ቀለም ሶፍቱ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። ያ የቡላ የራሷ ደም ነው። ቁንጫው ጠጥቶት፣ ፈጭቶት የጣለው። ይህን ካየሽ ላቦራቶሪ አያስፈልግሽም።

ሶፍቱ ንጹሕ ቢሆንስ? ቁንጫ አሁንም ነጻ አልወጣም። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያላት ድመት በጣት የሚቆጠር ንክሻ ይበቃታል፤ ለቀናት ስታሳክክ ትከርማለች። ስለዚህ ታየም አልታየም፣ ሕክምናው ከቁንጫ መጀመር አለበት። ለሦስት ወር ሳይቋረጥ።

ለምን ሦስት ወር? ድመቷ ላይ ያለው ቁንጫ ቤት ውስጥ ካለው ከመቶ አምስቱ ቢሆን ነው። ዘጠና አምስቱ እንቁላልና እጭ ሆኖ፣ ወይም በድሩ ተጠቅልሎ ምንጣፍ ሥር፣ ሶፋ ስንጥቅ ውስጥ፣ አጎዛ ላይ፣ የውሻው ማደሪያ ውስጥ ተቀምጧል። የተጠቀለለው ለወራት ሳይበላ መቆየት ይችላል። ሰው ሲያልፍ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ወይም ሙቀት ሲሰማው ብድግ ይላል። እርጥበትም ይመቸዋል፤ ክረምት ሲገባ የሚብሰው ለዚህ ነው። ስለዚህ ድመቷን ብቻ ማከም ጣሪያው ሳይደፈን ወለሉን መወልወል ነው።

የምትተኛበትን ጨርቅ ሁሉ በየሳምንቱ በፍል ውኃ እጠቢና ፀሐይ ላይ አስጪው። ሶፋውን አንሺና ሥሩን ጥረጊ፤ ጥራጊውን ግቢ ውስጥ አታስቀምጪው፣ ይውጣ። ለቡና የጎዘጎዛችሁትን ቄጠማ በማግስቱ ጠርጋችሁ አውጡት። ደርቆ ምንጣፉ ጠርዝ ሥር የሚቀረው ለእጩ ጥሩ መደበቂያ ነው። ውሻችሁንም በዚያው ቀን አሳክሚው። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ድመቷን ይቀባል፣ ውሻው በር ላይ ቁንጫ እያራባ ይኖራል።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ለድመት ተብሎ የተሠራ ፊፕሮኒል ወይም ሴላሜክቲን ጥሩ ነው። ማሸጊያው ላይ የድመት ሥዕልና የኪሎ ልክ ይኖረዋል። ጠብታው ምላሷ በማይደርስበት ማጅራቷ ላይ፣ ፀጉሩን ገልጠሽ ቆዳው ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ በፊት ቡላን አስመዝኛት፤ በግምት አይሰጥም።

አሁን መርዞቹ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ቁንጫ ማጥፊያ ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። ለውሻችሁ መድኃኒት ስትገዢ ፐርሜትሪን ያለበት ከሆነ ድመቷ እንዳትጠጋው፤ የተሻለው ሌላ መግዛት ነው። ለከብትና ለበግ የሚሸጠው ዳያዚኖን አይሆንም። ቤት ውስጥ የሚነሰነሰው ማላታይንም አይሆንም። አይቨርሜክቲን ለከብት በተሠራው ጥንካሬ፣ በዓይን ግምት፣ «ትንሽ ጠብ አድርጊላት» ተብሎ አይሰጥም። ዴቶል ሆዷ ላይ አትቀቢ። «አሟት እንደሆነ» ብለሽ ፓራሲታሞል እንዳትሰጪያት፤ አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን አንድን ድመት ሊገድል ይበቃል። የድመት ጉበት እኛ የምናስወግደውን ብዙ ነገር ማስወገድ አይችልም። ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ልጆች አሉ ስላልሽ ጭርትን ማለፍ አልችልም። ከድመት ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ብዙ ጊዜ ጆሮ፣ ፊትና መዳፍ ላይ ነው የሚጀምረው፤ የቡላ ግን ሆድና እግር ላይ ስለሆነ ብዙም አያስፈራኝም። ሆኖም የልጆቹን ክንድና የራስ ቆዳ እዪ። ክብ፣ ጠርዙ ቀላ ያለ፣ የሚያሳክክ ነገር ካለባቸው ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው፤ ቤት ውስጥ ድመት እንዳለም ተናገሪ።

ለምርመራ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ከተማችን በዚህ ዕድለኛ ናት። እዚያ ስትሄጂ «ፀጉሯን በማይክሮስኮፕ እዩልኝ» በዪ። ከመላጣው ጠርዝ ላይ ጥቂት ፀጉር ተነቅሎ ይታያል። ጫፉ እየቀጠነ የሚያልቅ ከሆነ ፀጉሩ በራሱ ነው የረገፈው፤ ያ ሌላ በሽታ ነው። ጫፉ ተሰብሮ ከተገኘ ግን በምላሷ የቆረጠችው ነው። ከቆዳዋም ፋቅ ተደርጎ እከክ የሚያመጡ ጥቃቅን ተባዮች ይፈለጋሉ። ሆዷ ላይ ቀይ፣ ከፍ ያለ፣ ርጥብ ቁስል ካለ አሳዪያቸው፤ አለርጂ ብዙ ጊዜ እንዲያ ሆኖ ይወጣል።

ስትሄጂ ድመቷን እቅፍ አድርገሽ ባጃጅ ላይ እንዳትወጪ። በመጀመሪያው ጥሩምባ ትዘልና ትጠፋለች። ክዳን ያለው ቅርጫት ወይም አየር የሚያስገባ ካርቶን፣ ውስጡ የምትተኛበት ጨርቅ፣ ከላይ ነጠላ ጣል ይበልበት። ሳይታያት ስትሄድ ትረጋጋለች።

ከመሄድሽ በፊት ደግሞ ሽንቷን ተከታተዪ። የታችኛውን ሆዷን ብቻ ለይታ የምትልስ ድመት አንዳንዴ ፊኛዋ ነው የሚያማት። ደጋግማ ትቀመጣለች፣ ጠብ ጠብ ይላል፣ ደም ይኖረዋል። ይህን ካየሽ ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሪው እሱን ይሁን። ወንድ ድመት ቢሆን ኖሮ «ሽንት እምቢ ካለው በዚያው ቀን ሩጪ» እልሽ ነበር፤ ሴት ላይ ያ መዘጋት እምብዛም አይመጣም።

ምግቧን አልጻፍሽልኝም፤ ግን ልገምት። የቤቱ ትርፍራፊ ነው አይደል? ወጥ ውስጥ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለ። ሁለቱም የድመትን ደም ያበላሻሉ። በጾም ደግሞ ሽሮ በእንጀራ ይሆናል። እንግዲህ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባል የለ? አትረሳም፣ ልትረሳም አትችልም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሽሮ የምትበላ ድመት እየጾመች አይደለም፣ እየተጎዳች ነው። እናትሽ በጾም ምድጃው ላይ ሥጋ መቀቀሉ ከከበዳቸው፣ ለእሷ የተለየች ትንሽ ድስት ይኑራት፤ ከጾሙ በፊትም ልብና ሥጋ ያለጨውና ያለሽንኩርት ቀቅለሽ በትንንሹ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ትችያለሽ።

የቁንጫው ሕክምና በደንብ ተሰጥቶ ካልተሻላት፣ ምግብ አለርጂ ይፈተሻል። የደም ምርመራ አይደለም፤ ፈተናው ምግቡ ራሱ ነው። ከዚህ በፊት ቀምሳው የማታውቀው አንድ የሥጋ ዓይነት ይመረጣል። የበሬና የዶሮ ትርፍራፊ ለምዳ ከሆነ የፍየል ሥጋ ይሁን። ለስምንት ሳምንት እሱን ብቻ ትበላለች። ወተት የለም፣ አይብ የለም፣ ልጆቹ ከሳህናቸው የሚወረውሩላት ጉርሻ የለም። አንዷ ጉርሻ ፈተናውን ታበላሻለች። ከባዱ ድመቷን ሳይሆን ልጆቹን ማሳመን ነው። ሥጋ ብቻውን ለረጅም ጊዜ የተሟላ ምግብ ስላልሆነ ይህን ከሐኪም ጋር ተነጋግረሽ አድርጊው።

እስካሁን ስለ ማሳከክና ስለ ሕመም ነው። ጭንቀቱን ግን አልጣልኩትም። በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ የሚያሳክካት ድመት ስትጨነቅ ማሳከኩን ትችለው የነበረውን ያህል አትችለውም። ሁለተኛ፣ የቤቱን ነገር ማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከቁንጫው ሕክምና ጎን ለጎን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል።

ጥያቄሽ ውስጥ ካሉት ሁሉ እኔ የማስቀድመው መስኮቱ ላይ የሚጎለተውን ጎረምሳ ነው። ለሰው ምንም አይመስልም። ለቡላ ግን በሯ ላይ የቆመ ወራሪ ነው። ምግቧን ስትበላ ያያታል፣ ስትተኛ ያያታል። የመስኮቱን የታችኛውን ግማሽ በወረቀት ወይም በመጋረጃ ሸፍኚው፤ ብርሃን ከላይ ይግባ። ውጭ ያለውን መደገፊያ ነገር፣ በርሜልም ሆነ የተቆለለ ማገዶ፣ አንሺው። መስኮቱ ሥር ሽንቱን ረጭቶ ከሆነ በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቢው፤ ሽታው እስካለ እሱም አለ። ከተቻለ ባለቤቶቹን አናግሪና ይምከን። ጎረቤት ናቸው፣ ቡና ላይ የሚነሳ ወሬ ነው።

ቀጥሎ መደበቂያ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔዘርላንድ ውስጥ መጠለያ የገቡ ድመቶች ላይ የተሠራ ጥናት ነበር። መደበቂያ ካርቶን የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ቶሎ ተረጋጉ። ካርቶን ብቻ! የዘይት ወይም የሳሙና ካርቶን ከሱቅ ለምኚ፤ ሽታ ያለውን አየር ላይ አቆዪው። በሁለት ጎኑ ቀዳዳ አብጂለት። አንዱ መግቢያ፣ አንዱ ማምለጫ። ጥግ ላይ አድርጊው፣ ሌላ አንድ ደግሞ ቁም ሳጥን ወይም ብፌ ላይ። ድመት ከላይ ሆና ስታይ ልቧ ይረጋጋል፤ በተለይ ውሻ ያሳደዳት። ውሻችሁ ቤት ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሁለቱ በአንድ ክፍል የሚሆኑት አንቺ ባለሽበት፣ እሱ ታስሮ፣ እሷ ከፍታ ላይ ሆና ብቻ ይሁን።

ለልጆቹ አንድ ሕግ ይበቃል። ቡላ ካርቶኗ ውስጥ ከገባች የቡላ ቤት ነው፤ ማንም እጁን አያስገባም፣ ማንም አይጎትታትም። ሕጉን የጣሰ ልጅ ቢቧጨር ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ስለ መቧጨር ካነሳን፣ ከመንገድ የመጣች ድመት ናትና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልተከተበች ዛሬ ነገ አትበዪ። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቦታው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይኬድ። ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍም። አመሏ በድንገት ተለውጦ ልሃጭ ካዝረከረከች፣ መዋጥ ካቃታት ወይም ሰው ላይ ከዘለለች ደግሞ በእጅሽ አትንኪያት፤ በር ዘግተሽባት ሐኪም ጥሪ።

መጸዳጃዋ ውጭ ከሆነ፣ በየቀኑ ውሻውን አልፋ መሄድ አለባት ማለት ነው። ቤት ውስጥ ጸጥ ያለ ጥግ ላይ አሸዋ የሞላ ሳፋ አስቀምጪላት፤ ከምግቧ ራቅ ያለ። በየቀኑ ይጸዳ። ነፍሰ ጡር ሴት ካለች ግን ሌላ ሰው ያጽዳው።

ጨዋታም መድኃኒት ነው። በዓል ላይ ከታረደው ዶሮ ረዘም ያለ ላባ አስቀሪ፣ ታጥቦ ይድረቅና በዱላ ጫፍ ላይ በክር እሰሪው። ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ታባርረው። መጨረሻ ላይ ትያዘው፣ ከዚያ ትብላ። ማደን፣ መያዝ፣ መብላት፣ መተኛት፣ የድመት ቀን እንዲህ ነው የተሠራው። ሲያልቅ ክሩን አንሺው። ክር የዋጠች ድመት አንጀቷ ይሰበሰብና ቀዶ ጥገና ላይ ትወድቃለች። እናትሽ ፈትል የሚፈትሉ ከሆነ እንዝርቱም ጥጡም ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ስትልስ ስታያት አትጩኺባት። «ተይ!» ባልሽ ቁጥር አንድ ጭንቀት ትጨምሪባታለሽ። እያባበልሽም አትሩጪላት። ዝም ብለሽ ላባውን ራቅ አድርገሽ አንቀሳቅሺ፣ ወይም የምግብ ሳህን አንኳኪ፤ ትታው ከመጣች ጥሩ፣ ካልመጣች ተያት። ስትቀራረቡ አፍጥጠሽ አትዪያት። ዓይንሽን ቀስ አድርገሽ ከድነሽ ክፈቺ። መልሳ ከከደነችልሽ ሰላም ናችሁ።

ቡና ሲፈላ በሩን ክፍት ተዪላት። አፍንጫዋ ከእኛ እጅግ የላቀ ነው፤ እጣኑ ከበዛባት መውጫ ትፈልጋለች። የከተራ ዕለትና የጥምቀት ሰሞን፣ ሠርግ ላይ ተኩስ ሲበዛ፣ ገና ድምፁ ሳይጀምር አንዷ ክፍል ውስጥ ከነካርቶኗ፣ ከነውኃዋ፣ ከነአሸዋዋ ይዘጋባት። ያመጣሻት በዚያ ሰሞን ነው። ለእሷ የመጀመሪያው የቤት ትዝታ ድምፅ ማጉያና እልልታ ነበር ማለት ነው። ለእኛ በዓል ነው፣ እሷ ምን ታውቃለች።

ማስታወሻ ደብተር ያዢ። መቼ እንደላሰች፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተፈጠረ ጻፊ። ጎረምሳው መስኮት ላይ ከታየ በኋላ ብቻ ከሆነ ወደ ጭንቀት ያደላል። ከጥሩ እንቅልፍ ነቅታ የምትልስ ከሆነ ወደ ማሳከክ። በስልክሽም ቅረጫት፤ ክሊኒክ ውስጥ ማንም ድመት አመሏን አታሳይም። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ሆዷን ፎቶ አንሺ። ፀጉር በዝግታ ነው የሚያድገው፤ በየቀኑ የሚያይ ዓይን ለውጡ አይታየውም። መላሷን ብታቆም እንኳ ሙሉ ፀጉር ለማየት ሁለትና ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል።

አንገት ላይ የሚደረገው ላስቲክ ጥሩምባ መላሱን ያቆማል፣ ምክንያቱን አያቆምም። የምትጨነቅ ድመት ላይ ጭንቀት ይጨምራል። ቁስል ከሌለ አልመክረውም። ቁስል ካለና እስኪድን መከለል ካለበት፣ እግሮቿ የሚወጡበት ቀዳዳ የተበጀለት የሕፃን ከናቴራ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ግን ዓይንሽ ከእሷ ላይ አይጥፋ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ማሳከኩም ሕመሙም ተጣርቶ፣ አሁንም የምትልስ ከሆነ የጭንቀት መድኃኒት አለ። ፍሉኦክሰቲን፣ ክሎሚፕራሚን፣ አሚትሪፕቲሊን። ስማቸውን የሰው ፋርማሲ ውስጥ ትሰሚዋለሽ፤ ግን ለሰው የተለካውን ቆርሰሽ እንዳትሰጪያት። ልኩ ሌላ ነው፤ አሚትሪፕቲሊን ለምሳሌ ሽንት ሊይዝባት ይችላል። በሐኪም ተጀምሮ በሐኪም ይቆማል። ውጤቱም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚወስድ በሳምንት ተስፋ አትቁረጪ፤ ተሻላት ብለሽም በድንገት አታቋርጪው።

«ካመጣሽበት መልሻት» ለሚለው፣ አሁን ወደ ገበያ መመለስ ለውሾቹ ማስረከብ ነው። ቢያንስ የሦስቱን ወር የቁንጫ ሕክምና ጨርሺ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ከውሻውና ከልጆቹ ጋር መኖር ካቃታት፣ ጸጥ ያለ ሌላ ቤት ፈልጊላት። አይጥ ያስቸገራቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት በየሰፈሩ አይጠፉም። ከመስጠትሽ በፊት ግን አስመክኛት፣ የእብድ ውሻ ክትባቷንም አስከትቢና ወረቀቱን አብረሽ ስጫቸው። የቁንጫ መድኃኒቷ የሚደገምበትን ቀንም እዚያው ላይ ጻፊላቸው።